የውጪ ድምጽ የሚዘጋ ኢርፎን በትንሽ ብር ለመግዛት፦ መጀመሪያ ጎማውን እዩ

ጠዋት ከአያት ወደ መገናኛ ሚኒባስ ተሳፍሮ የሚያውቅ ሰው ይሄን ነገር ሳላብራራለት ይገባዋል። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አውጥቶ ይጣራል፣ ሹፌሩ ሬዲዮኑን ለቆታል፣ ኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ ቲክቶኩን በስፒከር ያያል፣ ሞተሩ ደሞ ለብቻው ያጓራል። እኛስ ምን እናደርጋለን፣ ቮልዩም እንጨምራለና። ስልኩ ለጆሮህ ጥሩ አይደለም ምናምን ብሎ ሲያስጠነቅቀን ኦኬ ብለን አልፈን እንጨምራለን፣ ማታ ስንተኛ ጆሮአችን ጭው ይላል። ያኔ ብዙ ሰው የኢርፎኑ ድምጽ ትንሽ ስለሆነ ይመስለዋል። ኧረ አይደለም፣ የውጪውን ድምጽ መዝጋት ስላልቻለ ነው።

እኔ ርካሽ ኢርፎን ስገዛ ስጥል፣ ስገዛ ስጥል የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መሳቢያዬ ውስጥ አንድ ጎኑ የሞተ ኢርፎን ብትቆጥሩ ያሳፍራል። በኋላ ላይ ነው የገባኝ፣ ሳጥኑ ላይ ከተጻፈው ነገር ሁሉ ይልቅ ሥራውን የምትሠራው ጫፉ ላይ ያለችው ሚጢጢ ጎማ ናት። ብዙ ሰው ደሞ እሷን አንድም ቀን ቀይሮ አያውቅም፣ ከሳጥኑ ተሰክታ በመጣችው መካከለኛ ሳይዝ ኢርፎኑ እስኪሞት ድረስ ይጠቀማል።

ኢርፎን ሁለት ዓይነት ነው በሉት። አንዱ ጆሮ ደጃፍ ላይ ቁጭ የሚለው ጎማ የሌለው ጠንካራ ፕላስቲክ ነው፣ ድሮ ከአይፎን ጋር ይመጣ የነበረው ነጩ ዓይነት። እሱ በተፈጥሮው ክፍት ስለሆነ በአካሉ የሚዘጋው ድምጽ የለም፣ ውድም ይሁን ርካሽ። ሌላው ጎማ ያለውና ቀዳዳው ውስጥ የሚገባው ነው፣ ይሄኛው እንደ ጠርሙስ ቡሽ ነው የሚሠራው። ቡሹ ልክ ከሆነ ድምጽ አያልፍም፣ በትንሹም ቢሆን ከፈታ ግን ሁሉም ነገር ሾልኮ ይገባል። ከዚህ በኋላ የማወራው ስለ ሁለተኛው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ። ሳጥን ላይ ኖይዝ ካንስሊንግ የሚል ነገር ስታዩ ወዲያው እንዳትከፍሉ። እውነተኛው፣ ኤኤንሲ የሚባለው፣ ኢርፎኑ ላይ ያለ ማይክ የውጪውን ድምጽ ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ሠርቶ ጆሮአችሁ ውስጥ የሚያጠፋው ነው። እሱም ቢሆን ጎበዝ የሚሆነው ወፈር ላለና ሳይቋረጥ ለሚያጓራ ድምጽ ነው፣ ለጄነሬተር፣ ለአውቶቡስ ሞተር፣ ለአውሮፕላን። የሰው ወሬ፣ የልጅ ለቅሶ፣ የብረት በር ሲላተም፣ እነዚህ ቀጠን የሚሉና ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጡ ድምጾች ስለሆኑ በአብዛኛው የምትከላከልላችሁ ያቺው ጎማ ናት። ከዚህ ጎን ደሞ ኢኤንሲ የሚባል አለ፣ ልዩነታቸው አንዲት ፊደል ናት፣ ሥራቸው ግን አይገናኝም። ኢኤንሲ የሚያጸዳው ስልክ ስታወሩ በማይካችሁ የሚወጣውን ድምጽ ነው፣ ማለትም የሚጠቅመው ከወዲያ ማዶ ያለውን ሰው እንጂ እናንተን አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ኖይዝ ካንስሊንግ የሚል ብሉቱዝ ኢርፎን ገዝቶ መጥቶ "ምንም አይቀንስም እኮ፣ ተበላሽቷል መሰለኝ" አለኝ፣ ሳጥኑን ገልብጬ ሳየው ታች በደቃቁ ኢኤንሲ ይላል። አልተበላሸም፣ ማይኩ ላይ ሥራውን እየሠራ ነው። ሱቁ ሄዶ መልሱልኝ ቢላቸው "ብሮ ተከፍቷል" አሉት፣ በቃ።

እውነተኛ ኤኤንሲ ያላቸው ርካሽ ብሉቱዞችም አሉ፣ የሉም አልልም። ብቻ በጠባብ በጀት ላይ ብሩ ለባትሪው፣ ለቺፑ፣ ለቻርጅ ሳጥኑ ሲከፋፈል ለድምጹ የሚተርፈው ትንሽ ይሆናል። ባትሪው ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲደክም ደሞ አብሮ የሚጣለው ሁሉም ነው። ባለ ገመድ ከሆነ ያው ብር በሙሉ ድምጹና አካሉ ላይ ይውላል፣ ቻርጅ አያልቅበትም፣ መብራት ሲጠፋም አያሳስባችሁም። ስለዚህ ምክሬ ባለ ገመድ ነው፣ ፋሽኑ አልፎበታል የሚለኝ ካለ ይበል።

እሺ ጎማው። ኢርፎን ስትገዙ ቢያንስ ሦስት ሳይዝ ጎማ አብሮ መምጣት አለበት፣ ትንሽ መካከለኛ ትልቅ። ፋይናል የሚባለው የጃፓን ድርጅት ታይፕ ኢ ብሎ ለብቻው የሚሸጠው ጎማ አምስት ሳይዝ አለው፣ ይሄ የቅንጦት እንዳይመስላችሁ፣ የሰው ጆሮ እንደ ጫማ ቁጥር ይለያያል። እንዲያውም የራሳችሁ ግራና ቀኝ ጆሮ እኩል ላይሆን ይችላል፣ እኔ ግራዬ ትልቁን ቀኜ መካከለኛውን ነው የሚለብሰው፣ ይሄን እስካውቅ ድረስ ቀኙ ቤዝ አለው ግራው ተበላሽቷል እያልኩ ስንቱን ጥያለሁ።

አገባቡም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ብዙ ሰው በአውራ ጣቱ ገፍቶ ይተወዋል። እንደሱ ሳይሆን በአንዱ እጃችሁ ጆሮአችሁን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጉት፣ ያኔ የጆሮው ቦይ ቀጥ ይላል፣ በሌላው እጅ ኢርፎኑን ጠምዘዝ እያደረጋችሁ አስገቡትና ጆሮአችሁን ልቀቁት። በትክክል መዝጋቱን ለማወቅ ዘፈን አትክፈቱ ገና፣ ዝም ብላችሁ አውሩ። የራሳችሁ ድምጽ እንስራ ውስጥ አፋችሁን አስገብታችሁ እንደምታወሩ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ካስተጋባ ዘግቷል ማለት ነው። ቆሎ እየቆረጠማችሁ ከሆነማ የወፍጮ ቤት ድምጽ ነው የምትሰሙት። ከዛ ጣቶቻችሁን ጆሮአችሁ አጠገብ አሻሹ፣ የሚሰማችሁ ነገር ካለ የሆነ ቦታ ክፍተት አለ። በመጨረሻ ከበሮ በደንብ የሚመታበት መዝሙር ወይ ዘፈን ክፈቱና አዳምጡ፣ ከበሮው ዱም ማለቱን ትቶ ጣ ጣ ካለ አየር እየሾለከ ነው፣ ትልቅ ጎማ ሞክሩ። ቤዝ የለውም ተብሎ ከሚጣለው ኢርፎን ብዙው ጎማው ልክ ስላልሆነ ብቻ ነው የሚጣለው።

ጆሮአችሁን ካመማችሁ ደሞ ትልቅ ነው፣ ዝቅ በሉ። "ለመድኩት" እያሉ መታገሥ ጥሩ አይደለም፣ ልክ የሆነ ጎማ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ይረሳል።

የስፖንጅ ጎማም አለ። ጨምቃችሁ ታስገቡታላችሁ፣ ውስጥ ገብቶ ቀስ እያለ ያብጥና ቀዳዳውን ይሞላል፣ ፋብሪካ ውስጥ ሠራተኞች ጆሯቸው ውስጥ ከሚያደርጉት ቢጫ ስፖንጅ ጋር አሠራሩ አንድ ነው። ወሬ ለመዝጋት ከተራ ሲልከን ጎማ በጣም ይሻላል፣ ሹል የሚለውን ድምጽም ትንሽ ያለሰልሰዋል። ችግሩ ይቆሽሻል፣ በየሁለት ሦስት ወሩ መቀየር ይፈልጋል፣ ውሃም አልኮልም አይወድም። ኮምፕላይ የሚባለው በዚህ ታዋቂ ነው ግን ዋጋው ርካሽ ኢርፎን ሊያክል ይችላል፣ ስም የሌላቸው የቻይና ስፖንጆች በርካሽ አሉ፣ ለኔ በቂ ናቸው። ብቻ አንዴ ብልጥ ነኝ ብዬ የሠራተኛ ስፖንጅ በእስክሪብቶ ቱቦ በስቼ ኢርፎኑ ላይ ሰክቼው ነበር፣ ድምጽ መዝጋቱንማ እንደ ግድግዳ ዘጋ፣ ሳወጣው ግን ኢርፎኑ ብቻውን ወጣና ስፖንጁ ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በወረንጦ በእህቴ እጅ ነው የወጣው፣ እስካሁን ትስቅብኛለች። ያንን አትሞክሩ።

ጎማ ለብቻው ስትገዙ አንድ ነገር ልብ በሉ፣ ጎማው የሚሰካበት የኢርፎኑ አፍንጫ ውፍረት ከኢርፎን ኢርፎን ይለያያል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ጎማ ቀጭን አፍንጫ ላይ ከሰካችሁ የኔው ታሪክ በናንተም ይደርሳል። ኢርፎኑን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዛው ሰክታችሁ ሳብ አድርጋችሁ አረጋግጡ።

ከጎማው ቀጥሎ አካሉን እዩ። ጆሮ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ቁጭ የሚል፣ ገመዱ በጆሮ ላይ ዞሮ ወደ ኋላ የሚወርድ ዓይነት ከሆነ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ስትራመዱ አይላላም፣ ሁለተኛ ገመዱ ልብሳችሁን ሲነካ የሚፈጥረው ዱክ ዱክ የሚል ድምጽ ይቀንሳል። ይሄ ድምጽ በደንብ በሚዘጋ ኢርፎን ላይ የበለጠ ነው የሚሰማው፣ ውጪው ጸጥ ሲል የገመዱ ነገር ጎልቶ ይወጣል። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ዓይነት ከሆነም ብዙ ጊዜ ገልብጣችሁ በጆሮ ላይ ማዞር ትችላላችሁ። አካሉ ላይ የመርፌ ቀዳዳ የምታክል ነገር ካያችሁ አትደንግጡ፣ የአየር መውጫ ናት፣ በሷ ትንሽ ድምጽ ይገባል ግን ያለሷ ጆሮ ላይ ግፊት ይፈጠራል። ሰፋፊና ብዙ ቀዳዳ ያለው ከሆነ ግን ለሚኒባስ አይሆንም።

ዋጋ። ብሩ ሐምሌ 2016 ላይ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተለቀቀ ወዲህ በብር ብነግራችሁ በወሩ ስለሚያረጅ በዶላር ላውራ። መጀመሪያ ጣሪያውን ልንገራችሁ። ኢቲሞቲክ የሚባል የአሜሪካ ድርጅት አለ፣ ሜድ ኪሊዮን የሚባል የመስማት ነገር ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያቋቋመው፣ በ1991 ኢአር 4 የሚባለውን አወጡ፣ ባለ ሦስት ደረጃ ጎማ ያለው፣ ጆሮ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ። ድርጅቱ ከ35 እስከ 42 ዴሲቤል (የድምጽ ጉልበት መለኪያ ነው) ይዘጋል ነው የሚለው፣ 10 ዴሲቤል መቀነስ ለጆሮ ድምጹ በግማሽ የወረደ ያህል እንደሚሰማ ካሰባችሁ ይሄ ስንት እንደሆነ ይታያችኋል። እና ያን ሁሉ የሚሠራው ያለ ምንም ባትሪ ነው፣ በጎማ። ከሱ ወረድ ሲል ሹር ኤስኢ 215 አለ፣ 100 ዶላር አካባቢ፣ ከስፖንጅ ጎማ ጋር ይመጣል፣ ድርጅቱ እስከ 37 ዴሲቤል ይላል። ሹር ግን ፎርጅዱ የበዛ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ኦርጅናል ነው ካሏችሁ ጥርጣሬ ያዙ።

100 ዶላር ለኢርፎን የሚከፍል ሰው ከሆናችሁ ይሄን ጽሑፍ አትፈልጉትም። 20 ዶላር አካባቢ ግን እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቻይናዎቹ ጉድ ሠርተዋል። ሙንድሮፕ ቹ አለ፣ ትንሽዬ ብረት ነው፣ የመጀመሪያው ገመዱ አይነቀልም ሁለተኛው ይነቀላል፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ፈልጉ። ሰቨን ኸርዝ ሳልኖትስ ዜሮ አለ፣ ድምጹ ንጹህ ነው፣ የማሲንቆ ድምጽ ስትሰሙበት ጭራው ሲፈተግ ይታያችኋል፣ ግን አፍንጫው ወፈር ስለሚል ጆሮአችሁ ጠባብ ከሆነ ተጠንቀቁ። ከዛ ወረድ ሲል ኬዜድ አለ፣ ኢዲኤክስ ፕሮ ምናምን የሚባሉት፣ 10 ዶላር አካባቢ፣ ቤዛቸው ደፈር ያለ ነው፣ አካላቸው ጆሮን በደንብ ይሞላል፣ ለመዝጋት ጥሩ ናቸው። ጆሮአቸው ትንሽ ለሆነ ሰዎች፣ እህቴን ጨምሮ፣ ፋይናል ኢ 1000 የምትባለዋን ነው የምመክረው፣ ቀጭን ናት። እነዚህን ስታዙ ማይክ ያለውና የሌለው እየተባለ ለየብቻ ስለሚሸጥ ማይክ ያለውን ምረጡ፣ አለዚያ ስልክ ሲደወል ስልኩን አፋችሁ ድረስ ማንሳት ነው። እነሱን ካላገኛችሁ ሰፈር ሱቅ ያለው ኦራይሞም ጎማ ያለው ባለ ገመድ አለው፣ ከላይ ካልኳቸው ጋር አይወዳደርም ግን ስም ከሌለው ዕቃ ይሻላል፣ የጎማውን ነገር ካስተካከላችሁለት ደሞ የበለጠ ይሻላል።

ሳጥን ላይ ያሉ ቁጥሮች አያታልሏችሁ። ስንት ድራይቨር፣ ማለትም ውስጡ ያለች ድምጽ አውጪ ስፒከር፣ አለው የሚለው ጥራቱን አይናገርም፣ ለምሳሌ ኬዜድ ዜድኤስ 10 ላይ ያለው 10 የሁለቱም ጆሮ ድምር ነው፣ በአንድ ጆሮ 5 ነው። ሃይ ሬስ የሚል ወርቃማ ምልክት ማለት እስከ 40,000 ኸርዝ የሚደርስ ቀጭን ድምጽ ያወጣል ማለት ነው፣ የሰው ጆሮ ደሞ ቢበዛ 20,000 አካባቢ ላይ ያቆማል፣ ለሌሊት ወፍ ካልገዛችሁ አያስፈልግም።

ሌላው ስልካችሁ ክብ ቀዳዳ፣ ጃክ አለው ወይ። ከሌለው የታይፕ ሲ መቀየሪያ ትገዛላችሁ፣ እዚህ ላይም ወጥመድ አለ። አንዳንዱ መቀየሪያ ውስጡ ባዶ ሽቦ ነው፣ ድምጽ የሚቀይር ቺፕ የለውም፣ ሳምሰንግን ጨምሮ ብዙ ስልክ ላይ ስትሰኩት ዝም ይላል። ዳክ (ያ ቺፕ ነው) ያለው በሉ፣ ወይ ስልካችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ እዛው ሰክታችሁ ድምጽ ሲወጣ ክፈሉ። የአፕል ታይፕ ሲ መቀየሪያ 9 ዶላር ነው፣ ጥራቱ ምርጥ ነው፣ ግን አንዳንድ አንድሮይድ ላይ ድምጹ ዝቅ ይላል።

ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ጎማ ኪሳችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ስንት ሰው ጆሮ ውስጥ የገባውን የመሞከሪያ ጎማ አታስገቡ፣ ሻጩ "ንጹህ ነው ወንድሜ" ቢላችሁም። የራሳችሁን ሰክታችሁ መጀመሪያ ያለ ዘፈን አድርጉትና መርካቶ መሃል ቆማችሁ የውጪውን ድምጽ ስሙ፣ ከዚያ የተሻለ መፈተኛ ቦታ የለም። ከዛ ድምጹን ዝቅ አድርጋችሁ ግራና ቀኙ እኩል መሆኑን እዩ፣ ጃኩ አጠገብ ገመዱን ጠምዘዝ ጠምዘዝ አድርጉት፣ ከተቆራረጠ ተዉት። ሳጥኑን አልከፍትም የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሌላ ሱቅ አለ።

ሁሉም ከተስተካከለ በኋላ ቮልዩሙ በራሱ ይወርዳል። እኔ ድሮ ሚኒባስ ውስጥ ጥግ ድረስ ነበር የምለቀው፣ አሁን ከግማሽ በታች ይበቃኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው 80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ነው ገደቡ የሚለው፣ ድምጹ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ደሞ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ ያቺ ጎማ የጆሮአችሁን ዕድሜ ነው የምትቆጥበው። በተቃራኒው ደሞ መንገድ ስትሻገሩ አንዱን አውጡት። በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን የባጃጅ ጡሩምባም ይዘጋል፣ ቀልድ አይደለም፣ አንዴ ሲኤምሲ ጋ ሞተር ሳይክል ልብሴን ነክቶ ነው ያለፈው፣ ምንም አልሰማሁም።

ጽዳቱ ቀላል ነው። ሲልከን ጎማውን በሳምንት አንዴ ነቅላችሁ ለብ ባለ ውሃና ሳሙና እጠቡት፣ በደንብ ሳይደርቅ አትመልሱት። አንድ ጎን ድምጹ ከቀነሰ ከመጣላችሁ በፊት አፍንጫው ላይ ያለችውን ወንፊት እዩ፣ አብዛኛውን ጊዜ የጆሮ ኩክ ነው፣ ወደ ታች ደፍታችሁ በደረቅ የጥርስ ብሩሽ ቀስ አድርጋችሁ ጥረጉት፣ በመርፌ እንዳትነካኩት።

ዕቃው ትንሽ ስለሆነ ከዱባይ ወይ ከአሜሪካ ለሚመጣ ሰው ማስያዝ አያስቸግርም፣ እኔም ያሁኑን ያመጣችልኝ የአክስቴ ልጅ ናት፣ ከዱባይ። ስሙን፣ ቀለሙን፣ ማይክ ያለው መሆኑን፣ ሁሉን ጽፌ ከነፎቶው ላኩላት፣ እሷም ጎበዝ ናት፣ ትክክለኛውን ገዛች። ቦሌ ልቀበላት ሄጄ ከቦርሳዋ አውጥታ ስትሰጠኝ በፌስታል የተጠቀለለ ኢርፎን ብቻ ነው። "ሳጥኑስ?" አልኳት። "ሻንጣዬ ሞላብኝ፣ ባዶ ካርቶን ነው ብዬ እዛው ጣልኩት፣ ውስጡ የሆኑ ትርፍ ጎማዎች ምናምን ነበሩ" አለችኝ። አሁን ለሰው ሳስይዝ የመልእክቴ የመጀመሪያ መስመር "ሳጥኑን እንዳትጥሉ" የሚል ነው፣ ስሙንና ቀለሙን ከዛ በታች ነው የምጽፈው።